ዓይኑ ያልወጣ እህል

ጌጤ የምትባል አንዲት የገበሬ ሚስት ነበረች።

ዝማም ልጄ፣ ባለፈው እሑድ «እማሆይ፣ ጓዳ ሞላ የሚባለው ምን ሲኖርበት ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አዲስ ጎጆ የወጣሽ ነሽ። ሱቁ ደጃፍሽ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ተፈጭቶና ታሽጎ ይሸጣል። ጥያቄሽ ይገባኛል። ያን ዕለት ዝም ያልኩሽ፣ የጌጤን ነገር ሳልነግርሽ መልሱን ብቻ ብሰጥሽ ቤትሽ ሳትደርሺ ስለምትረሺው ነው። አሁን ጊዜ አለኝና ስሚኝ።

ጌጤና ባሏ የሚኖሩት በመረሬ አገር ነበር። መረሬ መሬት በጋ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጥቁር ጭቃ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ መኪና ዝር አይልበትም። በቅሎም ብትሆን በየርምጃዋ እየሰጠመች ነው የምታልፈው። መንደሩ አሥራ ስምንት ቤት ነበረው። ሰዉ ጤፍና ስንዴ ይዘራል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሽምብራ ይዘራል። ሽምብራ ብዙ ዝናብ አይፈልግም፤ መረሬው የያዘው እርጥበት ይበቃዋል። ግን ጊዜ አይሰጥም። መሬቱ መድረቅ ከጀመረ በኋላ የተዘራ ሽምብራ እንደተቀበረ ይቀራል።

ጌጤ ለጓዳዋ ሕግ ያወጣችው ባገባች በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ ቀን ከገበያ የተፈጨ በርበሬ ገዝታ ገባች። ቀለሙ ዓይን ይስባል። ወጡ ደርሶ ባሏ ሲጎርስ አንድ ነገር ጥርሱ ላይ ተንቀጫቀጨ። ጌጤ የተረፈውን በርበሬ ውሃ ውስጥ በጠበጠችው። ጥቂት ቆይታ ብታየው ከሥሩ የተፈጨ ሸክላ ዘቅጧል። ባሏ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ገበያ ነው ምን ይደረጋል ብሎ ተወው። እሷ አልተወችውም። በርበሬውን ደጅ ደፍታ ተመለሰችና፣ «ከእንግዲህ ፊቱን ያላየሁት ነገር ጓዳዬ አይገባም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዛላውን አይታ፣ ሰብራና አሽትታ ካልሆነ በርበሬ ገዝታ አታውቅም።

ጓዳዋ ሰፊ አልነበረም። ከግድግዳው ጥግ በጭቃና በጭድ ራሷ የሠራችው፣ ትከሻዋ ድረስ የሚደርስ ጎታ ቆሟል። ጎታው የሽምብራ ነው። ከጎኑ ገብስና ባቄላ የያዙ ሁለት ጋኖች፣ ምስርና ተልባ የያዙ እንስራዎች ነበሩ። ከማገሩ ላይ ነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ዛላ ተንጠልጥሏል። አንድ ቅል ማር፣ ገና ያልተወቀጠ ጨው፤ ይኸው ነው። እንግዳ ገብቶ ቢያየው የሚያደንቀው ነገር አልነበረበትም። ግን ሁሉም ነገር ከአውድማ እንደመጣ፣ ከዛፉ እንደወረደ፣ ሙሉውን ነበር።

ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። አዲስ ሽምብራ ሲገባ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ትነክሳለች። ቀጭ ካላለች አልደረቀም ማለት ነውና ቁርበት ላይ አስጥታ ደግማ ታደርቀዋለች። ነቀዝ እንዳይገባው ከጤፍ ጋር ትደባልቀዋለች፤ ጤፉ በሽምብራው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላውና ነቀዙ መተንፈሻ ያጣል። የምትጨምረው ከላይ ነው፣ የምታወጣው ግን ከጎታው ግርጌ ካለች ቀዳዳ፤ ስለዚህ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። አንድ ቁና ያወጣች እንደሆነ ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ቁና ትመልሳለች። ከቤቱ ምርት ባይኖር እንቁላል ይዛ ገበያ ወጥታ ትለውጣለች። ታማ የተኛችበት ሳምንት እንኳ ነበር፤ ተነሥታ መጀመሪያ ያደረገችው የጎደለውን መሙላት ነው።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ባለጸጋ ሰው ከመንደሩ መካከል መደብር ከፈተ። ክፉ ሰው አልነበረም። የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ ከተማ ወርዶ ሀብት አፍርቶ የተመለሰ። የተፈጨ ዱቄት አመጣ፣ የተዘጋጀ ሽሮ አመጣ፣ ክክ በጆንያ በጆንያ ከመረ፣ መኮሮኒና ብስኩትም አስገባ። የገበሬውን ምርት ከአውድማው ላይ ይገዛል፤ ለሰኔ የሚዘራውንም ጤፍና ስንዴ ክረምቱ ሳይገባ በመኪና ያስመጣል። ሰዉ ተገላገልኩ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልፈርድባቸው አልችልም። ለቀማው፣ ማስጣቱ፣ መከካቱ፣ ጆንያ በጀርባ አዝሎ ወፍጮ ቤት መውረዱ ሁሉ ቀረላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጎታቸውን አፍርሰው በቦታው አልጋ ዘረጉ። ሽምብራ መዝራቱም ቀስ በቀስ ቀረ። ክኩ ከመደብሩ ሲገኝ ማን መስከረም ላይ እንደገና ጭቃ ውስጥ ይገባል?

የጌጤ ጎታ ብቻውን ቀረ። ሴቶቹ «እመት ጎታ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን ያወጣችው የዕድሩ ዳኛ ሚስት ነበረች፤ ጨዋታ አዋቂ ነችና ስሙ ወዲያው ተለመደ። ጌጤ ስሙን ሰምታ አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም።

ባሏ ግን ደከመው። አንድ ጥር ላይ ከባለ መደብሩ ጋር ተነጋግሮ ምርቱን በሙሉ ሊሸጥ ተስማማ። ተሸካሚዎቹን ይዞ ቤት መጣ። ሰዎቹ በረንዳው ላይ ቆመው ሲጠብቁ እሱ ገባና የጓዳውን በር ከፍቶ ጎታውን አሳያት። ሰው ሁሉ ሸጦ እንደተገላገለ፣ መስከረም ሲመጣ ጎረቤቶቹ አርፈው ሲቀመጡ እሱ ብቻውን ጭቃ ውስጥ እንደሚውል፣ እሷም ቀኑን ሙሉ እህል ላይ ተጎንብሳ ወገቧ እንደጎበጠ ነገራት። «ለምን ብለን ነው የምንደክመው?» አላት። «እስቲ ንገሪኝ።»

ጌጤ የምትመልሰው ቃል አጣች። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበርና እሷም መልሱን አታውቀውም። ግን ከጓዳው በር አልተነሣችም።

«ጤፉን ሽጠው» አለችው። «ስንዴውንም ሽጠው፤ የደከምክበት ነው። ጎታው ግን የቤቱ ነው። የቤቱን ከሸጥን ምኑ ላይ ነው የምንኖረው?»

ባሏ የጓዳውን በር ለቀቀ። ከዚያ ወጥቶ ተሸካሚዎቹን ወደ አውድማው መለሳቸው። አንድ ሳምንት ያህል አኩርፎ ከረመ። መስከረም ሲመጣ ግን ሞፈሩን አንሥቶ ሽምብራውን ዘራ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ።

መደብሩ በተከፈተ በአምስተኛው ዓመት፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ በረዶ ጣለ። ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ስንዴው ሊያሸት፣ ጤፉ ሊዘረዘር የደረሰበት ጊዜ ነበር። ሲያባራ ማሳው ነጭ ነበር፤ በረዶው ሲሟሟ ደግሞ ባዶ ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ከማሳው ዳር ቆመ። አንድ ሽማግሌ ተጎንብሶ የተሰበረ የስንዴ አገዳ በእጁ ለማቅናት ሲሞክር አዩት። ልጁ ክንዱን ይዞ አስነሣውና ወደ ቤት ወሰደው።

በማግሥቱ ሰዉ ተሰብስቦ መከረ። የቀረው ተስፋ አንድ ነበር። መሬቱ ውሃ ጠጥቷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ሽምብራ ከተዘራ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እሸት፣ ጥር ላይ እህል ይኖራል። ካልተዘራ ግን እስከሚቀጥለው አዝመራ ድረስ ከዚያ መሬት የሚወጣ ነገር የለም፤ ልጅ አዝሎ መንገድ መውጣት ነው የሚቀረው። ሁሉም በአንድነት ወደ መደብሩ ሄዱ።

ባለ መደብሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። ጆንያው እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምሯል። የሚፈልጉትን ሁሉ እንዲወስዱ ነገራቸው፤ እሱም ደንግጦ ነበር። ትናንት ስንዴ ሲያቀና የታየው ሽማግሌ አንዱን ጆንያ ፈትቶ እጁን አገባና አንድ እፍኝ ዘገነ። ወደ ብርሃኑ አውጥቶ አየው። እያንዳንዷ ፍሬ ለሁለት ተከፍላ፣ ልጣጯ ተገፎ፣ የምትበቅልባት ዓይኗ ወጥታ ነበር።

«ይህ ክክ ነው» አለ ሽማግሌው። «ክክ አይበቅልም።»

ሌላ ጆንያ ፈቱ፤ ክክ ነው። ሌላውን ፈቱ፤ ሽሮ ነው። ዱቄት አለ፣ መኮሮኒ አለ። ሰባት ስምንት ጆንያ ከፈቱና ቆሙ። ያ ሁሉ ምግብ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን መሬት ላይ ቢወድቅ የምትነሣ አንዲት ፍሬ አልነበረችም።

አንድ ገበሬ ይህን ማመን አቅቶት ሁለት ስልቻ ክክ ወስዶ ዘራ። በሦስተኛው ቀን አፈሩን ጫር አድርጎ ሲያይ ክኩ አብጦና ጠንብቶ አገኘው። ባለ መደብሩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሁለት ሰዎች በበቅሎ አስቀምጦ ወደ ከተማው ገበያ ላከ። በስድስተኛው ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በረዶው ሰፊ አገር መትቶ ስለነበር የሚዘራ ሽምብራ በተገኘበት ሁሉ ሰው ተሻምቶት ነበር። ከአሥሩ ቀን የቀረው አራት ብቻ ሆነ።

በበነጋው ማለዳ የዕድሩ ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ጌጤ ቤት መጣ። ተቀመጡ። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ከብቶቹ ተጠያየቁ። ሚስቱ ያወጣችው ስም ለዳኛው ትዝ ብሎት ይሁን፣ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። በመጨረሻ፣ «የመጣንበትን ታውቁታላችሁ» አለ።

መጀመሪያ የመለሰው ባሏ ነው። የመለሰውም ደግ ሰው የሚመልሰውን ነበር። ለራሳቸው ማሳ የሚዘሩትንና እስከ ጥር የሚበሉትን አስቀርተው የተረፈውን በሙሉ እንደሚሰጡ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹም አመሰገኑ። ማንም ከዚህ በላይ ሊጠይቅ አይችልም ነበር።

ጌጤ ባሏን፣ «የተረፈው ስንት ቤት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችው።

ባሏ በልቡ አሰበ። «አራት ቤት» አለ።

«የምንበላውን ካላስቀረንስ?»

ባሏ እንደገና ማስላት ጀመረ። እሷ ግን ያንን ጎታ በቁና ስትሰፍርበት የኖረች ናትና ለሁሉም እንደሚበቃ ታውቃለች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት፤ ትንሿ ጡት ከጣለች ገና መንፈቋ ነው። ጌጤ ጎታው አጠገብ ቆማ እጇን አሳረፈችበት። ፈርታ ነበር። ይህን ኋላ ራሷ ተናግራለች። ያን ያህል ዓመት ስትሞላው የኖረችውን ነገር ባዶ አድርጎ ማየት ከባድ ነው፤ ያውም ልጆች እያሉ፣ ያውም የምትሰጪው ለሳቁብሽ ሰዎች ሆኖ። ብዙ አልቆየችም። የጎታውን ክዳን አንሥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

«ለሁሉም ይሰፈራል» አለች። «ለእኛም እንደ ሌላው አንድ ድርሻ።»

ባሏ፣ «ልጆቹስ?» አላት።

«ለልጆቹ ጤፉ አለ፣ ገብሱና ባቄላው አለ። ይከሳሉ እንጂ አይሞቱም። የጎረቤቶቻችን ልጆች ግን ይህ ሳምንት ሳይዘራበት ካለፈ መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «ለምን እንደምንደክም ጠይቀኸኝ መልስ አጥቼልህ ነበር። መልሱ ይህ ነው። እኔም ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

ባሏ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ቁናውን ከግድግዳው አወረደ።

ጌጤ ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበቻቸው። እህሉ ከጤፍ ጋር የተደባለቀ ነው፤ መነፋት አለበት፣ መለቀም አለበት። የነቀዘች ፍሬ አትበቅልምና አንዷም ማሳ መግባት የለባትም። ስለዚህ ከየቤቱ ባልም ሚስትም እንዲመጡ፣ ከለቀማው ማንም እንዳይቀር አለቻቸው።

ያን ዕለት የጌጤ ግቢ ሰው ሞላው። ወንዶቹ ከጎታው እየቀዱ በወንፊት ይነፋሉ፤ ጤፉ ከታች በተነጠፈው ቁርበት ላይ ይወርዳል፣ ሽምብራው ከላይ ይቀራል። ሴቶቹ በሰፌድ ተቀብለው ይለቅማሉ። ከመካከላቸው ለአራት ዓመት ያህል ሰፌድ ያልያዙ ነበሩ፤ እጃቸው እስኪፈታ ጊዜ ወሰደባቸው። ብዙ ወሬ አልነበረም። የዳኛው ሚስት መጥታ ከጌጤ አጠገብ ተቀመጠች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ግን ሌሎቹ ወገባቸውን ለማሳረፍ ሲነሡ እሷ አልተነሣችም፤ የመጨረሻው ሰፌድ እስኪያልቅ ድረስ ለቀመች። ጌጤ ውሃ አምጥታ ሰጠቻት፤ ጠጣች።

ሁሉም ድርሻውን ይዞ ሊሄድ ሲነሣ ባለ መደብሩ መጣ። እሱም ከአባቱ የወረሰው አንድ ማሳ ነበረው። ከበሩ አልፎ አልገባም፤ ስልቻውን አጣጥፎ ከበስተኋላው ይዟል። አንዱ ሰው «አንተ ክክህን ዝራ» አለው። ጌጤ ተናጋሪውን ዞር ብላ አየችው። ከዚያ የባለ መደብሩን ስልቻ ተቀብላ እንደ ሌላው ሰፈረችለት።

ባለ መደብሩ እህሉን ከእጇ ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱ በምላሹ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠየቃት።

«ያንተ አይዘራም እንጂ ይበላል» አለችው። «ይህ እስኪደርስ ሰው የሚቀምሰው ያስፈልገዋል።»

በማግሥቱ መደብሩን ለመንደሩ ከፈተ፤ ለየቤቱ በሰው ቁጥር አከፋፈለ። መንደሩም ወጥቶ ዘራ። በቀረው ሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም ማሳ ሽምብራ ተበተነበት። በሳምንቱ መጨረሻ ጥቁሩ አፈር ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ።

ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። የባለ መደብሩ ዱቄት የታሰበለትን ያህል አልዘለቀም። በክረምቱ እርጥበት ከሥር የነበረው ጆንያ ሁሉ ሻግቶ ተገኘ፤ ኅዳር ሲጋመስ አለቀ። ጌጤ ቤት የተነፋው ጤፍ ነበረ፣ ገብሱና ባቄላው ነበረ። ባቄላውን ስትነፍር ሽታው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ልጆች ይመጣሉ፤ የመጣውን ልጅ አልመለሰችም። ስለዚህ እሱም ቶሎ ጎደለ። ባሏ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። አንድ ቀን ልብስ ስታጥፍ ክርኗ ጎታውን ነካውና ጎታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ያን ዕለት ተቀምጣ አለቀሰች። ትልቋ ልጇ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ጌጤ ጥቂት ቆይታ ፊቷን ታጠበችና ተልባ ልትቆላ ተነሣች።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል እሸቱ ደረሰ። ጠዋት ሰው ወደየማሳው ወጥቶ ከነቅጠሉ እየነቀለ በላ። ጥር ላይ አጨዱ፣ ወቁ። ከዚያ መንደር በዚያ ዓመት ተነቅሎ የተሰደደ ቤት የለም። ከአጎራባች መንደሮች ግን ብዙ ሰው ሄዷል፤ የተመለሰም ያልተመለሰም አለ።

የጌጤ ጎታ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ዓመት ወሰደ። እንደ ድሮው ነው የሞላችው፤ እየነከሰች፣ እያሰጣች፣ ከጤፍ ጋር እየደባለቀች። ከአሥራ ስምንቱ ቤት አሥሩ ወይም አሥራ አንዱ እንደገና ጎታ ሠሩ። የቀሩት ለአንድ ሁለት ዓመት ተጠነቀቁና ተዉት፤ ሰው እንዲህ ነው። መደብሩ አልተዘጋም። ባለ መደብሩ ግን ከክኩ ጎን ሙሉውን ሽምብራ፣ ሙሉውን ምስር አፉ በተከፈተ ጆንያ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ገዢው እጁን አግብቶ ዘግኖ እንዲያየው።

ዝማም፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። በዚያ ጳጉሜን የመንደሩ ቤቶች ባዶ አልነበሩም። ብትቆጥሪው ከጌጤ የበለጠ ብዙ ዓይነት ነገር በየቤቱ ነበር። ግን የነበራቸው ነገር ሁሉ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሌላ ሰው የወሰነለት ነበር። ሽሮ ሽሮ ከመሆን ሌላ ዕጣ የለውም። ሽምብራ ግን ብትፈልጊ ቆሎ ይሆንልሻል፣ ብትፈልጊ ንፍሮ፣ ብትፈልጊ ክክ፣ ብትፈልጊ ሽሮ፤ የቸገረ ዕለት ደግሞ ተመልሶ ሽምብራ ይሆናል። ጓዳ ሞላ የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ሲኖርበት ነው፤ ገና ሁሉንም ነገር መሆን የሚችል ነገር።

«እማሆይ፣ እኔ የምዘራበት መሬት የለኝም፣ የምኖረው ከተማ ነው» ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው። አንቺ ላይ የሚወርደው በረዶም ሌላ ነው። ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የባልሽ ሥራ መቆም ሊሆን ይችላል፤ ሳይታሰብ ከነልጆቿ በርሽ ላይ የምትቆም እህት ልትሆን ትችላለች። ስሙን ቀድሞ የሚነግርሽ የለም። ጌጤም አልተነገራትም። ለምን እንደምትሞላ ሳታውቅ ነው የሞላችው፤ ስለዚህ ቀኑ ሲመጣ ቀድማው ተገኘች። አንቺም መልሱን እስክታውቂው አትጠብቂ።

መደብሩን ጥዪው አልልሽም። ሲደክምሽ ክክ ግዢ፣ እንግዳ ሲደርስብሽ ሽሮውን ግዢ፤ ምግብ ነው። የቤትሽን መሠረት ግን እሱ ላይ አትጣዪ። እንደ ጌጤ ጎታና ጋን አያስፈልግሽም፤ በሦስት ማሰሮ ጀምሪ። አንዱ ምስር፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ገብስ ይሁን። ፊቱን አይተሽ፣ በእጅሽ ዘግነሽ፣ በጥርስሽ ነክሰሽ ግዢ። አንድ ኩባያ ያወጣሽ ሳምንት አንድ ኩባያ መልሺ። ሰው ይስቅብሽ ይሆናል፤ ይሳቅ። ወገብሽን ያምሽ ይሆናል፤ ያምሻል። ሳትሰለቺ አድርጊው፤ ሰልችተሽም አድርጊው።

የነገው ገበያ ጥሩ ምስር የሚወጣበት ነው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ቤትሽ ግቢና አንዱን ማሰሮ አጥበሽ አፉን ወደ ታች ድፊው፤ ነገ ስትመለሺ ደርቆ ይጠብቅሽ።